ለንብ የሚተከለው ለየካቲት ነው

«ለንብ ምን አበባ ልትከል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ የያዘው መስከረምን ነው፤ አደዩን፣ ማገጡን፣ ትንሽ ቆይቶ የሚከተለውን ኑግ። በዚያ ወራት ግን ንብ የማንንም ግቢ አትለምንም፤ ሜዳው ይበቃታል። ስለዚህ ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ በእናንተ አካባቢ አበባ የሚጠፋው መቼ ነው?

በመሃል አገር ደጋ ጭንቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዱ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ንቧን ከቀፎ አያስወጣትም፣ የአበባውንም ወለላ ያጥበዋል። ያን ጊዜ የጓሮ በቆሎና ዱባ ይደርሱላታል፤ በቆሎ ወለላ ባይኖረውም ብናኙን አብዝቶ ይሰጣል። ሌላው፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ከጥር እስከ በልግ ዝናብ ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ንብ ሆና እስክትወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። ከዚያም እጭ ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራ ሳምንታት ቆይታ ነው ወደ አበባ የምትወጣው። እንግዲህ በሚያዝያ አጋማሽ የምትቀስመው ንብ እንቁላሏ የተጣለው በየካቲት መጨረሻ ነው። እጭ ደግሞ ያለ ብናኝ አያድግም። በየካቲት ብናኝ ከጠፋ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች፤ የበልጉ አበባ ሲፈነዳ ቀፎው በቂ ቀሳሚ አይኖረውም። የእኛ አገር ንብ ሲርባት ቀፎዋን ጥላ ትኮበልላለችም። ባለቤቱ ጉንዳንን ወይም የሰው ዓይንን ይከሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያባረራት ረሃብ ነው።

ለዚህ ክፍተት ከግራዋ የሚበልጥብኝ የለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነጭ አበባውን ዘለላ በዘለላ ያወጣል፣ ወለላም ብናኝም ይሰጣል፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፣ አጥርም ይሆናል። የማያውቀው ቤት የለም፤ የሚታወቀው ግን ለጋን ማጠቢያ ነውና ቅጠል በተፈለገ ቁጥር ይመለመላል፣ ሳያብብ ዓመቱ ያልፋል። ከሥሩ በሶብላ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ይጨመርበት፤ አትክልት የታጠበበት ውሃ እንኳ ከፈሰሰላቸው በበጋም ያብባሉ። በሶብላውን ለበርበሬ ስትለቅሙ ጥቂት ራስ ተዉላት። ያረጀውንም ጎመን ለመንቀል አትቸኩሉ፤ ቢጫ አበባውን ያውጣ።

ከችግኝ ጣቢያ አበባ ሲገዛ ዓይን ያታልላል። ድርብርቡ ጽጌረዳ ያምራል፤ ነገር ግን ያ ድርብርብ የመጣው ብናኝ የሚሸከሙት ክሮች ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጠው ነውና ንብ የምትቀስመው እምብዛም አታገኝበትም። አምስት ቅጠል ብቻ ያላት ቀጋ ትበልጠዋለች። የቀዩ ሳልቪያ ቱቦም ጥልቅ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው የንብ ምላስ አይደርስበትም፣ እሱ የወፍ ነው። የንብ ተመራማሪው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1914 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ንብ ቢጫና ሰማያዊን እንደምትለይ፣ ቀይን ግን እንደ ቀለም እንደማታይ አሳይቷል። ይህን ይዞ «ቀይ አበባ ለንብ አይሆንም» የሚል ጥብቅ ሕግ ማድረግ ግን አይገባም፤ ቀዩ ቦትል ብራሽ ሲያብብ ዛፉ በንብ ይጮኻል፣ ወለላው ክፍት ነውና።

ንብ በአንድ ጉዞዋ የምታዘወትረው አንድ ዓይነት አበባ ነው። ስለዚህ ብዙ ዓይነት አንድ አንድ እግር ከመትከል ጥቂቱን ዓይነት በርከት አድርጎ አንድ ቦታ መትከል ይሻላል።

ፊችትልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት መጽሐፍ ተክሎቹ የሚያብቡበትን ወር ይዟል። የግቢያችሁን ወር ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በየወሩ ያበበውን ጻፉ፣ ባዶ ለሆነው ወር ትከሉ። ያበበ ተክል ላይ መድኃኒት አትርጩ፤ ግድ ከሆነም ንቧ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን። ግራዋውን ደግሞ በኅዳር አትመልምሉት። አበባውን ከጨረሰ በኋላ፣ በመጋቢት ይቆረጥ።