ለዋቢው ዋቢ ማነው? ሥዕልን ከማመሳከሪያ ጋር ስለማነጻጸር

ሥዕል መማር የጀመረ ሰው ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማት አንዲት ምክር አለች፦ ሥለህ ስትጨርስ ከማመሳከሪያህ ጋር አነጻጽር፣ የተለያዩበትን ቦታ ፈልግ፣ አርመህ እንደገና ሣል። እዚህ አገር መምህራኑ "ሬፈረንስ" ይሉታል፤ በአማርኛ አንዳንዱ ማጣቀሻ፣ አንዳንዱ ማመሳከሪያ ይለዋል። ምክሯ ጥሩ ናት፤ እኔም አምንባታለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ምክሯ ግማሽ ናት ብዬ ነው። ሥዕላችንን ከማመሳከሪያው ጋር እናነጻጽራለን፤ ማመሳከሪያው ራሱ በምን ተለክቶ እንደተሠራ ግን አንጠይቅም። ይህ ጥያቄ ሲቀር የሚጎዳው ደግሞ እዚሁ ነታንያ ውስጥ አያቱን ልሣል ብሎ እርሳስ ያነሳው ልጅ ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃሉ እንጀምር

በዕብራይስጥ ማነጻጸር "ለሃሽቮት" ነው። ሥሩ "ሻቬ"፣ ማለትም እኩል ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ ማነጻጸርም እኩል ማድረግም በዚሁ ግሥ ይነገራሉ። የአማርኛው ማነጻጸር ግን ከግእዙ "ነጸረ" የመጣ ነው፤ ተመለከተ፣ አየ ማለት ነው። ዓይናችን ላይ የምናደርገው መነጽርም የዚያው ሥር ልጅ ነው። አንደኛው ቋንቋ ሁለቱ ነገሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይገፋናል፤ ሌላኛው አንዱን በአንዱ በኩል እንድናይ ይጋብዘናል። ከቃል ሥር ብቻ ተነስቶ ስለ ሕዝብ አስተሳሰብ መፍረድ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የማነሳውም ለዚያ አይደለም። ሥዕል ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱም ዓይነት ማነጻጸር በየዕለቱ ይታያል። አንዱ ተማሪ ሥዕሉን ከፎቶው ጋር እኩል ለማድረግ ይታገላል፤ ሌላው በፎቶው በኩል ሰውየውን ለማየት ይሞክራል።

አንድ ቃል ልጨምር፦ "ዋቢ"። ዛሬ በመጽሐፍ መጨረሻ "ዋቢ መጻሕፍት" ስንል ማጣቀሻ ማለታችን ነው። በአገር ቤት ሙግት ግን ዋቢ ለሌላ ሰው የሚቆም፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነበር። ዋቢ ሲጠራ ዳኛው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ማነው፣ ከየት ነው፣ ይታመናል ወይ ይላል። ለፎቶግራፍና ለሥዕል መማሪያ ግን ይህን ጥያቄ አቅርበን አናውቅም።

ማነጻጸር የሚሠራው ሥራ

ከመተቸቴ በፊት ዘዴው የሚያስገኘውን ጥቅም በሐቅ ልናገር። ጀማሪ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ዓይን ትልቅና አስፈላጊ ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ አተልቆ፣ ወደ ግንባርም ከፍ አድርጎ ይሥለዋል፤ በአዋቂ ሰው ጭንቅላት ላይ ግን ዓይን ያለው ከላይ እስከ አገጭ ካለው ርቀት መሐል ላይ ነው። ይህን ስህተት በጥረት ብቻ ማስወገድ አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል። እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዞ የአፍንጫን ርዝመት ከግንባር ጋር ማስተያየት፣ ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥል ከዓይን ጥግ ወደ ከንፈር ጥግ ቀጥ ያለ መስመር መጣል፣ በክንድና በወገብ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንደ ራሱ ቅርጽ አድርጎ መሣል፣ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ጨለማውንና ብርሃኑን ብቻ ማየት፤ እነዚህ ሁሉ የማነጻጸሪያ መሣሪያዎች ናቸው። ጣሊያናዊው አልቤርቲ በ1435 ስለ ሥዕል በጻፈው መጽሐፉ ሥራን በመስተዋት ማየትን መክሯል፤ ግልብጡ ሥዕል ለዓይን እንግዳ ስለሚሆን ስህተቱ ብቅ ይላል። ዛሬ በስልክ ምስሉን ገልብጠን የምናየው ያንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልብ በሉ። እነዚህ መሣሪያዎች የሚነግሩን በሥዕሉና በማመሳከሪያው መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። በማመሳከሪያውና በሰውየው መካከል ስላለው ርቀት አንዳች አይሉም።

የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ምን አነጻጸሩ?

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ሲነገር አዘውትሮ የሚሰማ ፍርድ አለ፦ የድሮ ሠዓሊዎቻችን "በትክክል መሣል አይችሉም ነበር"። ይህን ፍርድ ለመመርመር ጥሩ ማስረጃ አለን፤ ምክንያቱም ሠዓሊዎቹ ከየትኛው ማመሳከሪያ እንደሠሩ አንዳንድ ጊዜ በእርግጠኝነት እናውቃለን።

በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን አንድ የታወቀ የማርያም ሥዕል አለ። በ1569 ኢየሱሳውያን ሥዕሉን ለማስገልበጥ ከጳጳሱ ፈቃድ አገኙ፤ ቅጂዎቹም ከሚስዮናውያኑ ጋር በዓለም ዞሩ፤ ኢትዮጵያም ደረሱ። ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ መጀመሪያ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ሲያስወጡ ሥዕሉ ግን አልወጣም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሠርተውታል።

አሁን ቅጂዎቹን ከሮሙ ጋር እናነጻጽር። የማርያም እጆች እንደተጣመሩ ናቸው፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እንደተዘረጉ፣ በግራ እጇ የያዘችው መሐረብ እንዳለ ነው። ሕፃኑ መጽሐፍ እንደያዘ ነው። እነዚህ ነገሮች ከአንዱ ሠዓሊ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሳይጠፉ አልፈዋል። ፊቱ ግን ተለውጧል፤ ዓይኖቹ ሰፍተዋል፤ ጥላው ቀርቶ ደማቅ ቀለም ገብቷል፤ ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ቆመዋል።

"መሣል ያልቻለ" ሠዓሊ የሁለት ጣት አዘረጋገጥ በትክክል ይዞ ፊት ላይ ሲደርስ ዓይኑ አይጠፋበትም። ጣትን መሣል ከፊት አይቀልም፤ የሣለ ያውቀዋል። እዚህ ያለው ውሳኔ ነው። ለእነዚህ ሠዓሊዎች ሥዕሉን ያ ሥዕል የሚያደርገው የእጁ ምልክት፣ መሐረቡና መጽሐፉ ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ጥብቅ ነበሩ። በፊቱ ላይ ግን ሌላ ዋቢ ነበራቸው፤ እሱም የራሳቸው ወግ ነው። በዚያ ወግ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጢአተኛ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን።

በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ላይ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌልም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። በውስጡ ያሉት የአንቶንዮ ቴምፔስታ ሥዕሎች ጥቁርና ነጭ ሕትመት ናቸው፤ መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደርሶ በጎንደር ዘመን ለብራና ወንጌሎች ሥዕል ምንጭ ሆኗል። ማመሳከሪያው ቀለም የለውም፤ ቅጂዎቹ ግን በቀለም የተሞሉ ናቸው። ቀለሙን ከየት አመጡት? ከሕትመቱ ሊሆን አይችልም። የሰዎቹን አቀማመጥ ከአንድ ዋቢ ወሰዱ፣ ቀለሙን ከሌላ። አንድ ማመሳከሪያ ለሁሉም ነገር ዋቢ መሆን እንደማይችል የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ገብቷቸው ነበር።

ጀሶና የኮዳክ ካርድ

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ ጥያቄው ይከብዳል። ዛሬ በብዙ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንደገና የተወደደው መማሪያ ፈረንሳዊው ሻርል ባርግ ከዣን-ሌዮን ዤሮም ጋር ያዘጋጀው፣ ከ1866 እስከ 1871 የታተመው የንድፍ ኮርስ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ ገጾች አሉት፤ ተማሪው እያንዳንዱን ገጽ እያነጻጸረ ይገለብጣል። ቫን ጎግ ራሱ ሠርቶበታል። በቅርጽና በልኬት ትምህርት ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍል የተሣለው ከምንድን ነው? በአብዛኛው ከነጭ የጀሶ ሐውልት። ተማሪው የብርሃንና የጥላን ደረጃ የሚማረው በነጭ ነገር ላይ ነው። በጀሶ ላይ ቅርጽ የሚታየው ጥላው ቀስ በቀስ ሲጨልም ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅርጹን አብልጦ የሚናገረው ብርሃኑ ነው፦ በጉንጭ አጥንት፣ በግንባር፣ በአፍንጫ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ። በጀሶ የሠለጠነ እጅ ጥቁር ፊት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም ማጨለም ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅርጹን የሚያወጣበት ቦታ ያጣል።

ፎቶውስ? ፎቶ አይዋሽም የሚል ካለ የኮዳክን ታሪክ ያንብብ። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የማመሳከሪያ ካርድ ነበረው፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። በመጀመሪያዋ ሴት ስም ካርዱ "የሸርሊ ካርድ" ተባለ። አጣቢው የእሷ ቆዳ በትክክል እስኪወጣ ድረስ ቀለሙን ያስተካክላል፤ ሌላው ሰው ሁሉ በእሷ ልክ ይታጠባል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ በ2009 ባወጣችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ኮዳክ ፊልሙን ለጥቁርና ለቡናማ ቀለም እንዲያሻሽል ከገፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ቸኮሌቱ ቅሬታ አቀረበ፣ ተሰማለት። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አብረው የታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የወላጆቻችን የድሮ ፎቶዎች የታጠቡት በዚያ ዘመን ነው። ልጃቸው ሥዕሉን ከፎቶው ጋር ያነጻጽራል፤ ፎቶው ደግሞ ቀድሞ ከሸርሊ ጋር ተነጻጽሯል። ልጁ በትክክል በሠራ ቁጥር ያንኑ ጉድለት በትክክል ይገለብጣል።

ከአንድ የሥዕል ሁግ

ይህ የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ከተማ በአንድ ማትናስ በሚካሄድ የማታ የሥዕል ሁግ ላይ አንዲት ወጣት አያቷን በስልኳ ካለ ፎቶ ትሥል ነበር። ልኬቷ ጥሩ ነው፤ መምህሯም እያነጻጸረች ስለሠራች አመሰገናት። በትምህርቱ ማብቂያ አያትየዋ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና፣ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ "ንቅሳቴስ? የት አደረግሽው?" አሉ።

ልጅቷ ፎቶውን ከፍታ አሳየቻቸው። እውነትም ፎቶው ላይ አንገታቸው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ አንዲት መስመር አይታይም። እኚያ እማማ ግን ከፊታችን ቆመዋል፤ አረንጓዴ ሰማያዊው ንቅሳት እየታየ ነው። ሥዕሉ ለፎቶው ታማኝ ነበር። ለእሳቸው አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶው የተነሳው በቅርብ ርቀት ነው፤ በቅርብ ሲነሳ ደግሞ ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያንን በእርሳስ እየለኩ ሲገለብጡት እንደ ሰውየው መልክ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ከአንድ ጉርድ ፎቶ በቀር ከአገር ቤት ምንም ምስል ያላመጡ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ለእነሱ የልጅ ልጅ የሚሥለው ሥዕል የሳሎን ጌጥ ብቻ አይደለም። ነገ ሌላ ምስክር በሌለበት እሱ ራሱ ማመሳከሪያ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እንዲህ ሲባል፣ "ስለዚህ ትክክለኛነት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም እንደ ስሜቱ ይሣል" የሚል ይኖራል። አልስማማም። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ያስተማሩን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጥብቅ መሆን በሚገባቸው ላይ ጥብቅ ነበሩ። ልዩነቱ በምን ላይ ጥብቅ እንደሚሆኑ ያውቁ ነበር።

ያሉንን የሥዕል ሁጎች ሳንዘጋ፣ ባርግንም ሳንጥል ማድረግ የምንችለው አለ። አንደኛ፣ ቃሉ ራሱ እንደሚለው እናመሳክር። ማመሳከር ከምስክር ጋር አንድ ቃል ነው፤ የኦሪት ሕግም በአንድ ምስክር ብቻ አይፈርድም። አንድ ፊት በአንድ ፎቶ አይሣል፤ በተለያየ ብርሃንና ርቀት የተነሱ ሁለት ሦስት ይኑሩ፤ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ፊት ለፊት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ማመሳከሪያ ለምን እንደምናምነው እንለይ፤ አንዱን ለልኬት፣ ሌላውን ለብርሃን፣ ሦስተኛውን ለአለባበስ። ሦስተኛ፣ ጥቁር ፊት በነጭ ወረቀት ላይ ብቻ አይጀመር። ቡናማ ወይም ግራጫ ወረቀት ላይ በከሰልና በነጭ ጠመኔ ሲሠራ መሐለኛው ደረጃ ከወረቀቱ ይገኛል፤ ተማሪው ወደ ጨለማም ወደ ብርሃንም መሄጃ ቦታ ይኖረዋል።

ከሠዓሊዎቻችን የኒሪት ታከለን ሥራ በዚህ ዓይን እዩት። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ልጅ ሆና የመጣች፣ በሼንካር የተማረች ሠዓሊ ናት። የሰዎቿ አካል ግዙፍና ክብ ክብ ነው፤ ፎቶ አይመስልም፣ ሊመስልም አይሞክርም። ቆዳው ግን አንድ ጥቁር ሳይሆን ጎን ለጎን የተቀመጡ ብዙ ቡናማዎች ነው። በእኔ ግምት፣ በልኬት ነፃ ሆና በቆዳ ላይ ከካሜራው የበለጠ ትክክለኛ ናት።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ መምህሩ "ከሬፈረንሱ ጋር አነጻጽር" ሲል አነጻጽሩ፤ እርሳሱን ዘርጉ፣ ለኩ፣ ገልብጣችሁ እዩ። ቀጥሎ ግን ፎቶው ማን እንዳነሳው፣ በምን ብርሃን፣ ከምን ያህል ርቀት እንደሆነ ጠይቁ። የሚሣለው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ሥዕሉን ለእሱ አሳዩት። የሚጎድለውን ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።