ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የጤና ትምህርት፦ የሚነገረውና የሚጎድለው

በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው ትምህርት እናቶቹ ጠዋት ተራ በሚጠብቁበት ስፍራ በጅምላ የሚቀርብ ነው። ምግብ፣ ንጽሕና፣ ዕረፍት፣ ክትባትና የወሊድ ዝግጅት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይዘረዘራሉ። ከሚነገረው ውስጥ ስሕተት አይገኝም። ጉድለቱ ሁሉም በእኩል ክብደት መነገሩና እናቲቱ ምን ጨብጣ እንደሄደች የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ክፍተት ያመለክታል። ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከወለዱት እናቶች 62 በመቶው በሠለጠነ ባለሙያ ክትትል አግኝተዋል፤ የብረት ማዕድን እንክብል ለ90 ቀናትና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአቅርቦት እጥረት የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም እንክብሉ በእጇ የገባላት እናትም ብትሆን ሰገራዋ ሲጠቁር ትደነግጣለች፤ ሲያቅለሸልሻት ትተወዋለች፤ ጎረቤቷም «ልጁን ያገዝፈዋል፤ ምጥ ያጸናብሻል» ትላታለች። የሰገራው መጥቆር ጉዳት እንደሌለው፣ ማቅለሽለሹ ከእራት በኋላ በመውሰድ እንደሚቀል፣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከእንክብሉ መራቅ እንዳለባቸው ካልተነገራት «በየቀኑ ዋጪ» ማለት ትእዛዝ እንጂ ትምህርት አይሆንም።

የምግብ ትምህርቱም እንዲሁ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እየተባለ የሚቀርበው ዝርዝር አቅም ለሌላትና ለምትጾም እናት እምብዛም አይጠቅማትም። በቤቷ ካለው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ እንድትመገብ፣ ሎሚም እንድትጨምርበት መምከር ግን የሚቻላትን መንገድ ማሳየት ነው። የጾም ጉዳይ ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከጾም ልትፈታ እንደምትችል እየታወቀ ብዙዎች ይጾማሉ። ስለዚህ ባለሙያው ጉዳዩን ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክርበት ቢያሳስባት ከእምነቷ ሳያጋጫት ሊረዳት ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት የሚታየው በአደገኛ ምልክቶች ላይ ነው። በእርግዝና ወቅት እግር ማበጥ የተለመደ ነው። የፊትና የእጅ እብጠት፣ ጽኑ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ግን ከደም ግፊት ጋር የተያያዘውንና እናትንም ፅንስንም የሚገድለውን ፕሪኤክላምፕሲያ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ራስ ምታቱ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ሲጨመቅለት፣ የሚጥል ምልክት ሲመጣም የመንፈስ ሥራ ነው ሲባል ሕይወት የሚያድነው ሰዓት ያልፋል። የደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ያለ ጊዜው የሚፈስ የሽርት ውኃና የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስም እስከ ቀጠሮ ቀን የሚጠበቅባቸው አይደሉም። እነዚህ ከሌላው ምክር ሁሉ በፊት፣ በማኅበረሰቡ ቋንቋና ከተለመደው አተረጓጎም ጋር እየተነጻጸሩ ሊነገሩ ይገባል።

ምልክቱን ያወቀች እናት እንኳ ብቻዋን መወሰን አትችል ይሆናል። ገንዘቡ በባል እጅ ነው፤ «ትንሽ እንጠብቅ» የምትለውም ብዙ ጊዜ አማት ናት። ስለዚህ ባልና አማት ያልሰሙት ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው። በየቀበሌው የሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ እነርሱንም ቢጠራ መልካም ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ዝቅተኛውን የክትትል ብዛት ከ4 ወደ 8 ከፍ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ያው ዝርዝር 8 ጊዜ ቢደገም እናቲቱ የምታተርፈው ጥቂት ነው። ከመሸኘቷ በፊት 3 ጥያቄዎች ቢቀርቡላት፣ ማለትም እንክብሉን እንዴት እንደምትወስድ፣ ምን ስታይ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንደምትመጣና በሌሊት ቢደርስባት ማን እንደሚያመጣት ብትጠየቅ፣ መልሷም በካርዷ ላይ ቢመዘገብ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ መሻሻል ይሆናል። አገልግሎቱም የሚመዘነው በተቆጠሩት ቀጠሮዎች ሳይሆን እናቲቱ ይዛው በሄደችው ዕውቀት ይሆናል።