ያልታየው ትርጉም፦ የሐዲስ የመረጃ ቋቶችን በተራ ቋንቋ ስለ መጠየቅ

የሐዲስ ኪታቦች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተሸጋገሩ ቆይተዋል። አዲሱ ነገር የምንጠይቅበት መንገድ ነው። ቀድሞ ፈላጊው ቃሉን በዐረብኛ ጽፎ የተገኘውን አንድ በአንድ ያነብ ነበር። ዛሬ «ኤጀንት» የሚባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በተራ አማርኛ የቀረበውን ጥያቄ ተቀብለው የመረጃ ቋቱ ወደሚረዳው ቋንቋ ይለውጡታል፤ ቋቱን ጠይቀውም መልሱን በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ያቀርባሉ። ይህ ለመምህርም ሆነ ለኢማም ትልቅ እገዛ መሆኑን አንክድም። የምንነቅፈው በጥያቄውና በመልሱ መካከል የሚደረገው ትርጉም ከጠያቂው ዓይን መሰወሩን ነው።

አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች የሚጠየቁበት ኤስ.ኪው.ኤል የተሰኘ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪዎች የተቀረጸ ነው። ይህ ቋንቋ አሻሚ ንግግርን አይቀበልም፤ ከየትኛው ሠንጠረዥ፣ ከየትኛው ዓምድ፣ በምን መስፈርት እንደሚፈለግ ለይቶ መናገርን ግድ ይላል። የሰው ንግግር ግን ብዙውን ነገር ለሰሚው ይተዋል። ጠያቂው የተወውን ክፍተት እንግዲህ መሣሪያው በራሱ ግምት ይሞላዋል።

«በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ ስንት ሐዲሶች አሉ?» የሚለውን ቀላል ጥያቄ እንውሰድ። ቋቱ የሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂን አቆጣጠር የሚከተል ከሆነ መሣሪያው ረድፎቹን ቆጥሮ 7563 ይላል። ኢብኑ ሶላሕ ግን ድግግሞሹን ጨምረው 7275፣ ያለ ድግግሞሽ ወደ 4000 ብለዋል። ኢብኑ ሐጀር ደግሞ ሙሉ ሰነድ ያላቸውን ብቻ ወስደው ከነድግግሞሻቸው 7397፣ ያለ ድግግሞሽ 2602 ቆጥረዋል። «ሥራዎች በኒያ ናቸው» የሚለው ሐዲስ ብቻውን በዐብዱልባቂ አቆጣጠር በ1፣ 54፣ 2529፣ 3898፣ 5070፣ 6689 እና 6953 ቁጥሮች ሥር ሰባት ጊዜ ተመዝግቧል። ለኮምፒዩተሩ ይህ ሰባት ረድፍ ነው፤ ለዓሊሙ ግን በተለያዩ መንገዶች የተላለፈ አንድ ሐዲስ ነው። እነዚህ ሊቃውንት እያንዳንዳቸው የቆጠሩት የየራሳቸውን ነገር ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱ ቁጥር ምን እንደቆጠረ ሳይናገር ብቻውን ሲቀርብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። «አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ስለዚህ ጉዳይ ያስተላለፉትን አምጣ» ብንል፣ መሣሪያው «አቡ ሁረይራ» የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ ሊፈልግ ይችላል። የነሕው ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ስሙ በኢስናድ ውስጥ በብዛት የሚገኘው «ዐን አቢ ሁረይራ» ተብሎ ነው፤ «ሰሚዕቱ አባ ሁረይራ» የሚልም አለ። የአንዲት ፊደል ለውጥ እጅግ ብዙ ሐዲሶችን ከውጤቱ ሊያስቀር ይችላል። ቀሪው ግን ሥርዓት ባለው ዝርዝር ስለሚቀርብ የጎደለ አይመስልም።

ሦስተኛው የደረጃ ዓምድ ነው። «ይህ ሐዲስ ሶሒሕ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መሣሪያው በዓምዱ የተጻፈውን ያነባል። ያ ቃል ግን የአንድ ሙሐዲስ ፍርድ ነው፤ ሌላው ሙሐዲስ በዚያው ሰነድ ላይ የተለየ ፍርድ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ፈራጁ ሳይጠቀስ ፍርዱ ብቻ ሲነገር ኢጅቲሃድ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ይህ ድክመት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው «በርድ» የተባለ መመዘኛ፣ ተራ ጥያቄን ወደ መጠይቅ በመለወጥ ጂ.ፒ.ቲ-4 ያገኘው ትክክለኛነት 54.89 በመቶ ሲሆን የሰዎቹ 92.96 በመቶ ነበር። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ መሻሻላቸው እውነት ነው። ሆኖም የሰዋስው ስሕተት ያለበት መጠይቅ ቋቱ ራሱ ሲመልሰው፣ የሐሳብ ስሕተት ያለበት መጠይቅ ግን ዛሬም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መልስ ያስገኛል።

«መሣሪያው የሐዲሱን ቁጥር ይጠቅሳል፤ እሱን ማመሳከር ይበቃል» የሚሉ አሉ። ለተገኘው ሐዲስ ይህ ጥሩ መልስ ነው። ላልተገኘው ግን አይሠራም፤ የተጠቀሰ ቁጥር የተዘለለውን አያሳይምና። አደጋው የሚበረታውም እዚህ ላይ ነው። ኢማሙ በሚንበር ላይ ቆሞ «እንዲህ ያለ ሐዲስ የለም» ቢል፣ መነሻው አንዲት ፊደል የሳተች መጠይቅ ብትሆን፣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውን ያላወቀ ብቻ ሳይሆን ያስተባበለም ይሆናል። ጀመዓው ደግሞ የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሐዲስ ሊቃውንት «ከማን ሰማህ?» ማለትን የዕውቀት በር አድርገውታል። እኛም መሣሪያውን «በምን ጠየቅህ?» እንበለው። መጠይቁን ከመልሱ ጋር ያሳይ፤ የቆጠረውን ነገር ምንነት ይግለጽ፤ የደረጃውን ባለቤት በስሙ ይጥራ፤ ባዶ ውጤት ሲያገኝ «የለም» ሳይሆን «በዚህ አፈላለግ አላገኘሁም» ይበል። ቋቱን የማንበብ እንጂ የመለወጥ ፈቃድም አይሰጠው። መድረሳዎቻችንም ለደረሳዎቻቸው መጠይቅን ማንበብ ቢያስተምሩ መልካም ነው፤ ጥቂት ሳምንታት የሚወስድ ትምህርት ነውና። ይህ ከተሟላ መሣሪያው ታማኝ የቤተ መጻሕፍት አገልጋይ ይሆናል። ካልተሟላ ግን ማንነቱ እንደማይታወቅ ራዊ ነው፤ እንዲህ ያለውን ራዊ እንዴት እንደምንቀበለው ደግሞ ሊቃውንቱ ከቀደመው ዘመን ጀምረው አስተምረውናል። ወላሁ አዕለም።