የብርሃን ሰሌዳና የብራና መጽሐፍ

መጽሐፍ በየዘመኑ ልብሱን ይለውጣል። ቀድሞ በብራና ተጽፎ በማኅደር ተከቶ በግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር የነበረው፣ ኋላም በማተሚያ መኪና በወረቀት ላይ የታየው ቃል፣ ዛሬ ከእጅ መዳፍ እምብዛም በማይሰፋ ቀጭን ሰሌዳ ውስጥ ገብቶ በመንገደኛ ኪስ ይዞራል። ይህ ሰሌዳ በመጀመሪያ የባለጸጎች ዕቃ ነበር፤ አሁን ግን ዋጋው ዝቅ ስላለ፣ በውጭ አገር የሚኖር ሰው ላሊበላ ወይም በላስታ ደጋ ላለ ወንድሙ ስጦታ አድርጎ ሊልከው የሚችል ሆኗል። ስለዚህ ዕቃውን አይቶ በማድነቅ ብቻ ማለፍ አይገባም፤ መጽሐፍ ነኝ ብሎ ከመጣ እንደ መጽሐፍ ሊመረመር ይገባዋል። የምርመራውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ለመድገም በሚተጋ የላስታ ተማሪ እጅ ሲገባ፣ ይህ ሰሌዳ ምን ያስነብበዋል?

ነገሩ ከስሙ ይጀመር። እንግሊዞች «ታብሌት» የሚሉት ቃል በግዕዝ ቢተረጐም ጽላት ማለት ነው። ነገር ግን ጽላት በኢትዮጵያ የመንበር ክብር ነው፤ ይልቁንም ከዐለት የተፈለፈሉ ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ባሉባት በላሊበላ፣ ካህን ካልሆነ በቀር ማንም የማይነካውን ስም ለገበያ ዕቃ የሚሰጥ አይገኝም። ሰዉ ባዕዱን ቃል እንዳለ ተቀብሎ «ታብሌት» ማለቱ የቋንቋ ድኽነት የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን የተቀደሰውን ከተራው ለይቶ የሚያውቅ የቋንቋ ጨዋነት ነው።

ለምርመራ የሚቀርቡት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ ሁለቱንም አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 አወጣቸው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። አንደኛው «ፋየር 7» የሚባለው ታብሌት ሲሆን፣ መስታወቱ 7 ኢንች ነው፤ በወጣበትም ጊዜ ዋጋው 60 ዶላር ነበር። ሁለተኛው «ኪንድል» የሚባለው የንባብ ሰሌዳ ሲሆን፣ ገጹ 6 ኢንች፣ ዋጋውም 100 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ኪንድል በ2007 ሲወጣ 399 ዶላር እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ዋጋው ምን ያህል እንደ ወረደ ይታያል።

ሁለቱ ጐን ለጐን ሲቀመጡ ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው በፋየሩ ላይ ነው። ሲነኩት በራሱ ብርሃን ይደምቃል፤ ሥዕል በቀለም ያሳያል፤ ድምፅ ያሰማል፤ ጨዋታም አለው። ኪንድሉ ግን አመድማ ነው፤ ገጹን ሲገልጥ ጥቂት ይዘገያል፤ ከጥቁርና ከነጭ፣ ከግራጫም በቀር ሌላ ቀለም አያውቅም። በመጀመሪያ እይታ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ፋየሩን ይመርጥ ነበር፤ ዋጋውም ያንሳልና።

ሆኖም ዕቃው ከቤት ወጥቶ በላስታ ፀሐይ ይታይ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የቀትሩም ብርሃን ብርቱ ነው። በዚህ ብርሃን ፊት የታብሌቱ መስታወት ሰማዩንና የአንባቢውን ፊት መልሶ ያሳያል እንጂ ፊደሉን አያሳይም። ኪንድሉ ግን ፀሐይ በበረታ መጠን ይጠራል። ይህም የሆነው ከአሠራሩ የተነሣ ነው። ገጹ ጠጕር በሚያህሉ ጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ሲሆን፣ በያንዳንዱ እንክብል ውስጥ በፈሳሽ የሚንሳፈፉ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። የሁለቱ የኤሌክትሪክ ጠባይ ተቃራኒ ስለ ሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊደሉም በዚህ ይሣላል። አንድ ጊዜ ከተሣለ በኋላ ሌላ ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ኀይል ሳይፈልግ ይቈያል፤ የሚነበበውም እንደ ብራናና እንደ ወረቀት ከውጭ በሚያርፍበት ብርሃን ነው። ለሌሊትም ከጠርዙ የሚበራ መጠነኛ መብራት ተደርጎለታል።

ከዚህ የተነሣ የኪንድል ባትሪ እስከ 6 ሳምንት ይቈያል ተብሎ ተነግሮለታል። ይህ ግን ሒሳቡ ሊታይ ይገባዋል፤ 6 ሳምንት የተባለው በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ለሚያነብ ሰው ነውና፣ ቢደመር 21 ሰዓት ይሆናል። በቀን አራት ሰዓት የሚያነብ ተማሪ ቢይዘው በአምስት ቀን ይጨርሰዋል። የፋየሩ ደግሞ እስከ 10 ሰዓት ነው ይባላል። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች። እንዲህ ባለ ጊዜ በፀሐይ ኀይል የሚሞላ መሣሪያ ከአጠገቡ የሌለው ሰሌዳ፣ ብርጭቆና ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በብራና ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ግን ጧፍ ካበሩለት ይበቃዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ወደ ፊደሉ ነገር መምጣት ይገባል። የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በጥቃቅን ምልክት ነው፤ ሊንና ሌን የሚለያቸው ከእግራቸው ሥር ያለችው ጭረት ወይም ቀለበት ናት። የፋየሩ መስታወት በአንድ ኢንች 171 ነጥብ ብቻ ሲኖረው፣ ኪንድሉ 300 አለው። ላቲን ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ በጥቃቅን ፊደል የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ ለሚያነብ ግን ቀለበቷ ትታያለች ወይስ ትጠፋለች የሚል ጥያቄ ነው። በንባብ ቤት አንድ ፊደል የሳተ ልጅ ይታረማል፤ መስታወቱ ሲስት የሚያርመው ማን ነው?

የግዕዝ ፊደል ወደዚህ ዓለም የገባው ብዙ ደክሞ ነው። ቀድሞ ፊደሉን የሚጽፉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥርዓት ስለ ነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ግዕዝን ስፍራ ሰጠው፤ በ2005 ደግሞ የቅዱስ ያሬድ የዜማ ምልክቶች፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ተጨመሩ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን መዝገብ መግባት ብቻውን አይበቃም፤ ሰሌዳው የፊደሉን ቅርጽ ካልያዘ በያንዳንዱ ፊደል ስፍራ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ስለዚህ ገዥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ የአማርኛና አንድ የግዕዝ ገጽ አስከፍቶ ይመልከት። በኪንድል ከ2018 ወዲህ አንባቢው የፊደሉን ቅርጽ ራሱ እንዲጨምር ስለ ተፈቀደ፣ «አቢሲኒካ» የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ቅርጽ አምጥቶ ማስገባት ይቻላል።

ኪንድሉ በዚህ ሁሉ ቢበልጥም አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ ቀይ ቀለም የለውም። የብራና ጸሐፊ በመቃው ሁለት ቀለም ይዞ ይሠራል፤ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ትቶ በቀዩ ይጽፋል። አንባቢም ገጹን ገና ሲገልጥ ቀዩ ዐይኑን ይመራዋል። ይህ ገጽ በኪንድል ሲታይ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ከጥቁሩ ጋር ይደባለቃል። ፋየሩ ቀዩን ያሳያል፤ ነገር ግን በጸሐይ አይነበብም፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። እንግዲህ አንዱ ፊደሉን ይዞ ቀለሙን ጣለ፤ ሌላው ቀለሙን ይዞ ፊደሉን አደከመ።

ሰሌዳው ቢሠለጥን እንኳ ውስጡ ምን መጽሐፍ አለ? በዚህ ረገድ ለላስታ ሰው ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የቅዱስ ላሊበላን ገድል ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ በ1892 በፓሪስ ሲያሳትም፣ የተጠቀመበት ብራና በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም ይገኝ የነበረ ነው። በ1868 ከመቅደላ ብዙ መቶ መጻሕፍት ተጭነው መሄዳቸው የታወቀ ነው። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እንዲነሡ ተደርጎ፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀርጸዋል፤ ከነዚህም ውስጥ በላሊበላ ያሉ መጻሕፍት ይገኙባቸዋል። የፊልሙ ግልባጭ በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀምጧል፤ ብዙውንም ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በካታሎግ ገልጠውታል። ዛሬ ከዚያ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። እንግዲህ በላስታ ያለ ተማሪ የአገሩን መጽሐፍ ለማየት ለንደን ወይም ሚኒሶታ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል፤ በ60 ዶላር ሰሌዳ ከደጁ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል። ይህ የዕቃው እውነተኛ ክብር ነው።

ነገር ግን እነዚህ መጻሕፍት የሚመጡት በፎቶግራፍ እንጂ በተለቀመ ፊደል አይደለም። ትልቅ የብራና ገጽ በ6 ወይም በ7 ኢንች ገበታ ላይ ሲያርፍ ፊደሉ ያንሳል፤ አንባቢው እያሰፋ፣ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ሊያነብ ይገደዳል። በኪንድል ላይ ይህ ሥራ ትዕግሥት የሚጨርስ ነው። ድጓንም ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ምልክቱ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ መቸገሩ በእጥፍ ይሆናል።

የባለቤትነትም ነገር አለ። የብራና መጽሐፍ በመጨረሻ ገጹ ላይ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጻፍበታል። በ2009 አማዞን የሸጠውን የጆርጅ ኦርዌልን መጽሐፍ ከአንባቢዎቹ ኪንድል ውስጥ፣ ሳያስጠይቅ ከሩቅ ሆኖ ፍቆ አጠፋው፤ ያሳተመው ሰው መብት ስላልነበረው ነው ብሎ ገንዘባቸውን መለሰ። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ነገር ግን ሻጭ ከገዢው ቤት ገብቶ መጽሐፍ ማውጣት የሚችል መሆኑ በዚያን ቀን ታወቀ። በየካቲት 2025 ደግሞ የተገዛውን መጽሐፍ ከኮምፒዩተር በሽቦ ወደ ሰሌዳው የማሻገሩን መንገድ ኩባንያው ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ ለተገዛው መጽሐፍ ኢንተርኔት የግድ ሆነ። በ2023 በአማራ ክልል ግጭት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ የዚህን ትርጕም ያስተውለዋል። ርካሹ ፋየር ደግሞ ገና ሲከፈት የገበያ ማስታወቂያ ያሳያል፤ የዋጋው መቀነስ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ በኢትዮጵያ የተደረገ ፈተና አለ፤ ሊታለፍ አይገባም። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ማኅበር በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች፣ በየመንደሩ ለ20 ያህል፣ «ሞቶሮላ ዙም» የሚባሉ ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው እንደ ተዘጉ አስቀመጠላቸው። የማኅበሩ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወርም ተዘግቶ የነበረውን የፎቶግራፍ መሣሪያ ራሳቸው ከፈቱት። የልጆቹ ብልኀት የሚደነቅ ነው። ዳሩ ግን ማብሪያ ማግኘትና መጽሐፍ ማንበብ የተለያዩ ናቸው። ልጆቹ የተማሩት ፊደል የላቲን ነበር። በዚያ አካባቢ የሚነገረው ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በላቲን ስለሚጻፍ፣ ያ ፊደል ለልጆቹ የራሳቸውን ቋንቋ ለማንበብ ሊጠቅማቸው ይችላል። ያው ሣጥን ለላስታ ልጅ ቢሰጥ ግን፣ በሩ ላይ የሚያገኘው የሌላ ሰው ፊደል ነው።

የላስታ ልጅ በንባብ ቤት ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ ይቈጥራል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እያለ ይወጣዋል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ይህ ሁሉ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው ድምፅ ነው፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው፣ የሚጣለውን ከሚነሣው ለይቶ የሚያሰማው መምህሩ ነው። ሰሌዳው ይህን ሊተካ አይችልም፤ ሊያግዝ ግን ይችላል፤ በፊደል የተለቀመ፣ ቀዩ የተለየለት፣ የመምህር ድምፅ አብሮ የተቀረጸለት ዳዊት ቢገባበት።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ንባብ ለፈጸመና የራሱ የተለቀመ መጽሐፍ ላለው ሰው ኪንድሉ ይሻላል፤ የብራና ፎቶግራፍ ለመመርመር ለሚሻ የጉባኤ ቤት ግን በጥላ ሥር አንድ ባለ ቀለም ታብሌት ለብዙዎች ይበቃል፤ መስታወቱ ሰፋ ያለ ከተገኘ ይመረጣል። ለጀማሪ ልጅ አንዱም ገና አልደረሰለትም። ስጦታ የሚልክ ዘመድም ባዶ ሰሌዳ ከመላክ፣ አስቀድሞ የግዕዙን ፊደልና ጥቂት መጻሕፍት አስገብቶ፣ በፀሐይ የሚሞላውንም መሣሪያ ጨምሮ ይላክ። ሰሌዳው ረክሷል። አሁንም ውድ ሆኖ የቀረው በውስጡ የሚገባውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል የሚለቅም፣ ከብራናው ጋር እያስተያየ የሚያርም ሰው ድካም ነው። ያ ሰው በላስታ አይጠፋም፤ ዳዊትን በቃሉ የያዘ፣ የሳተውን ፊደል ገና ከሩቅ የሚሰማ ሞልቷል። የሚጐድለው ሥራውን የሚያሠራውና የሚከፍለው ነው።