ስሙ ቅመም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ነገር ግን ስም የማውጣቱን ሥልጣን ነጋዴ የወሰደው እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል ለማወቅ የሚፈልግ ወጣት ይህን ቀጥዬ የምተቸውን ነገር ይመልከት። በእንግሊዝ አገር ወህኒ ቤቶች የብዙ እስረኞችን አእምሮ ያናወጠ አንድ መርዝ አለ፤ ስፓይስ ይሉታል። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ ቅመም ማለት ነው። እናቶቻችን ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን የሚጠሩበት፣ ሲሰሙት የወጥ ሽታ የሚያሳስብ ስም ለዚህ ነገር ተሰጠው። በእርግጥ በቋንቋችን መድኃኒትም ይቀመማል፣ መርዝም ይቀመማል፤ ስለዚህ ስሙ ሳያውቀው ጥቂት እውነት ተናግሯል።

በመጀመሪያ በሱቅ የሚሸጠው በሚያምር ትንሽ ከረጢት ታሽጎ ነበር። በከረጢቱ ላይ ለዕጣን የሚሆን ቅጠል ነው፣ ሰው የሚወስደው አይደለም የሚል ጽሕፈት ነበረበት። ጽሕፈቱ ሐሰት መሆኑን ሻጩም ያውቃል፣ ገዥውም ያውቃል፤ የተጻፈው ዳኛ እንዲያነበው ብቻ ነው። ብዙ መጥፎ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ በሁለት መስመር ይህን ያህል ውሸት የያዘ ግን አላጋጠመኝም።

እኛም ብንሆን በስም ከመሳሳት ነፃ አይደለንም። ይህን የመሰለውን ሁሉ አደንዛዥ ዕፅ እንላለን። ዕፅ ከምድር የሚበቅል ነው፤ ይህ ግን ከምድር አልበቀለም። በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና በሚገኘው በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የኬሚስትሪ መምህር ጆን ሃፍማን በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሐሺሽ በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለመመርመር ሲል ብዙ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮችን በቤተ ሙከራ ሠራ። ከነዚህ አንዱ የስሙን መነሻ ፊደሎች ተሸክሞ ጄ ደብሊው ኤች 018 ይባላል። መምህሩ ያሰበው ስለ ዕውቀት ነበር። ሌሎች ግን የታተመውን አንብበው ንጥረ ነገሩን ሠሩ፣ በፈሳሽ አሟሙተው ደረቅ ቅጠል ላይ ረጩና ሸጡት፤ በ2008 መጨረሻ የጀርመን መርማሪዎች ከከረጢቱ ውስጥ አገኙት። ሐሺሽ የአንጎልን በር ገርበብ የሚያደርገው እንደ ሆነ፣ ይህኛው ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ደግሞም ፈሳሹ በቅጠሉ ላይ እኩል አይዳረስምና አንዱ ቁንጥር ምንም ሳያደርግ ሲቀር፣ ከዚያው ከረጢት የወጣው ሌላው ቁንጥር ሰውን ዘርግቶ ይጥላል።

ታዲያ ወህኒ ቤት ምን አስገባው? ሰው ሁሉ ቶሎ የሚመልሰው መልስ አለ፤ ኮንትሮባንድ ነው ይላል። እውነት ነው፣ በአጥር ላይ ተወርውሮም፣ በሰው ሰውነት ተደብቆም ይገባል። እኔ ግን የሚገባበትን ቀዳዳ ራሱ ወህኒ ቤቱ ሳያስበው እንደ ከፈተው አምናለሁ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1996 ጀምሮ እስረኞች ሽንታቸውን እየሰጡ በግዴታ እንዲመረመሩ ተደረገ። ሐሺሽ በሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ስለሚቆይ የሚያጨሰው ይያዛል፣ ይቀጣል። ስፓይስን ግን መመርመሪያው እስከ ሴፕቴምበር 2016 ድረስ ፈጽሞ አያየውም ነበር። እስረኛ ሞኝ አይደለም፤ የሚታየውን ትቶ የማይታየውን፣ ማለት ቀላሉን ትቶ ከባዱን መረጠ። ሹሞቹም በመዝገባቸው ላይ ሐሺሽ አጫሹ ሲያንስ ቢያዩ ሊደሰቱ ይችሉ ነበር። የሚቈጥሩትን ብቻ ሲመለከቱ የማይቈጥሩት አደገባቸው።

በዚህ ላይ ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት የጠባቂዎቹ ቍጥር በሩብ ያህል እንዲቀንስ ተደረገ። ጠባቂ ሲያንስ በር የሚከፍት ያንሳል፤ በር ካልተከፈተ ወደ ሥራ ቦታና ወደ ትምህርት የሚወስድ የለም። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። መነኩሴው እንኳ መርፌ አለው፤ ይህ ግን ቀኑን በግድግዳና በግድግዳ መካከል የሚያሳልፍ ሰው ነው። ስፓይስ ደግሞ ሌላ ነገር ባይሰጥም ሰዓቱን ይሰርቅለታል።

በዲሴምበር 2015፣ በዋናው ተቆጣጣሪ በኒክ ሃርድዊክ ዘመን፣ የእንግሊዝና የዌልስ ወህኒ ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚሁ ነገር ዘገባ አወጣ። እንደ መንግሥት ጽሕፈት ደረቅ ቢሆንም መልካም ሥራ ነው፤ ምክንያቱም እስረኞቹን ከመክሰስ ይልቅ ጠይቋቸዋል። ስፓይስን እንወስድ ነበር ያሉት ወህኒ ቤት ከመግባታቸው በፊት ከነበሩት ይልቅ ከገቡ በኋላ በዝተው ተገኙ። መንግሥት ሰውን ከክፉ ለማራቅ ሲል ባስገባበት ቤት ክፉው ሲጠብቀው ተገኘ ማለት ነው።

የዕዳውም ነገር አለ። በወህኒ ቤት ዋጋው ከውጭው እጅግ ይበልጣልና እስረኛው በዱቤ ይወስዳል፤ መክፈል ሲያቅተው ይደበደባል፣ ማስፈራሪያውም እቤት ያሉት እናቱና ሚስቱ ድረስ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። አዲስ ስፓይስ ሲገባ ብርታቱ አይታወቅምና ደካማው ወይም ባለዕዳው እስረኛ እንዲያጨሰው ይደረጋል፤ ሌሎቹ ከበው ይመለከታሉ። ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያስታውክ፣ ቢወድቅ ይስቃሉ። እንዲህ ላለው ሰው ያወጡለት ስም የስፓይስ ዐሣማ የሚል ነው። እንግዲህ እዚያ ቤት ውስጥ መርዙ ቅመም ተባለ፣ ሰው ዐሣማ ተባለ።

ምናልባት አንተ ወጣት አንባቢ፣ ወንጀለኞች አይደሉምን? የዘሩትን ነው ያጨዱት ትል ይሆናል። አልቈጣህም፤ መጀመሪያ ስሰማ ይኸው አሳብ በእኔም ልብ ሽው ብሏል። ነገር ግን ዳኛው የፈረደበት የዓመት እስራት ነው እንጂ የሌሎች መሞከሪያ እንስሳ እንዲሆን አይደለም። በእስረኞች ሞት ላይ ምርመራ ያካሂድ የነበረው ሹም ናይጅል ኒውኮመን ከጁን 2013 እስከ ሴፕቴምበር 2016 ድረስ ከሞቱት መካከል 79ኙ ከመሞታቸው በፊት እንዲህ ያሉትን ነገሮች ይወስዱ ወይም ይዘው ይገኙ እንደ ነበረ የታወቀ ወይም አጥብቆ የተጠረጠረ መሆኑን ገልጾአል። ከነዚህም 56ቱ ነፍሳቸውን ያጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። ሹሙ መርዙ የሁሉም ሞት ምክንያት ነው አላለም፤ ጥንቃቄውን አከብርለታለሁ። ቢሆንም 79 ሰው ብዙ ነው።

በሜይ 26 ቀን 2016 አእምሮን የሚለውጡትን እነዚህን ነገሮች ሁሉ መሸጥን የሚከለክል ሕግ በብሪታንያ በሥራ ላይ ዋለ፤ የሱቁ ከረጢትም ጠፋ። መርዙ ግን አልጠፋም። ፈሳሹን ወረቀት ላይ ረጭተው አድርቀው በፖስታ ይልኩት ጀመር፤ እስረኛው ወረቀቱን ቀዶ ያጨሰዋል። በደብዳቤ ላይ ተረጭቶ ተገኘ፣ ልጅ ለአባቱ ሥሎ የላከው በሚመስል ሥዕል ላይም ተገኘ። ስለዚህ ብዙ ወህኒ ቤቶች የሚመጣውን ደብዳቤና ሥዕል በማባዣ መኪና እየገለበጡ ቅጂውን ብቻ ለእስረኛው ይሰጡ ጀመር። እኔ በሹሙ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ ምናልባት እኔም እገለብጥ ነበር። ይሁን እንጂ አባትየው የሚይዘው የመኪናውን ወረቀት ነው፤ ምንም ያልተረጨበት፣ የልጁ እጅ የዳሰሰው ወረቀት ከበሩ ወዲያ ይቀራል።