መልሱ የመቼ ነው?

አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የወደደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቡድን መክፈት ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ይከፍታል፤ «ውጭ ያሉት ዲስኮርድ ይመርጣሉ» ተብሎ ሌላ ይጨመራል፤ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ዋትስአፕ ያቋቁማሉ። ሠላሳ ሰው ሳይሞላ ሦስት ቤት! ጠያቂው አንዱ ቤት ሲጠይቅ መላሹ ሌላው ቤት ቁጭ ብሏል። ጠያቂውም «እዚህ ሰው የለም» ብሎ ወደለመደው ፓይተን ይመለሳል።

በዚግ ቋንቋ የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። ዚግን አንድሩ ኬሊ ለሕዝብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሠሪዎቹ «ይፋዊ መሰብሰቢያ» ብለው የሰየሙት ቦታ የለም፤ የፈለገ ሰው የራሱን መክፈት ይችላል። ነጻነቱ ደስ ይላል፤ ጣጣው ግን ለአስተባባሪ ነው። ከዚህ የሚከፋው ቋንቋው ገና 1.0 ሳይደርስ ከስሪት ስሪት መለዋወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 0.15 የማንበቢያና የመጻፊያውን ክፍል ከሥሩ ቀየረው። ስክሪን ላይ አንድ መስመር ሰላምታ ብቻ የሚያወጣው የጀማሪ ፕሮግራም እንኳ በድሮው አጻጻፉ አልሠራ አለ።

መገናኛ ሲመረጥ ሰው የሚጨቃጨቀው ስለ ፍጥነትና ስለ መልክ ነው። ለእንዲህ ያለ ቋንቋ ግን ፍጥነት ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው መልሱ መቼ፣ በየትኛው ስሪት፣ በማን ተሞክሮ እንደተሰጠ መታወቁ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። ሰመራ ያለ ተማሪ ማታ ላይ ፎቶ ይልካል። የላፕቶፑን ስክሪን በስልኩ ያነሣው ነው፤ ዘመም ብሏል፣ የአምፖሉ ነጸብራቅ መሐሉ ላይ አርፏል፣ ከሥሩ «እባካችሁ» የሚል ብቻ ተጽፏል። አዲስ አበባ ያለ አንዱ ደግ ሰው በድምፅ ይመልስለታል። ልጁ ይሞክረዋል፣ ይሠራል፣ አመስግኖ ይተኛል። ከወራት በኋላ አዋሽ ላይ ሌላ ልጅ በዚያው ስህተት ይያዛል። ቡድኑ ውስጥ ቢፈልግ አያገኝም፤ ፎቶም ሆነ ድምፅ በቃል ተፈልጎ አይገኝምና። የሚያስታውስ ሰው ይነሣና ያንኑ የድምፅ መልእክት ያስተላልፍለታል። በመሐል ግን አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ ያኔ ያዳነው ምክር አሁን ያሳስታል። ድምፁ የመቼ ስሪት እንደሆነ አይናገርም።

ይህን ጉዳይ በተለየ ዓይን እንዳየው ያደረገኝ ዲቾቶ ነው። ከሰመራ በሰርዶ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ከባድ መኪና ድንበሩ ጋላፊ ሳይደርስ እዚያ ያርፋል። ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ሙቀቱ እስኪበርድ ጥላ ሥር ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ። ወራጁ ከድንበር የተመለሰውን «ጋላፊ እንዴት ነው?» ይለዋል። «ጠዋት ሳልፍ ወረፋው ረጅም ነበር። አሁን ያለውን ከኋላዬ የመጣውን ጠይቀው ወንድሜ።» ሰውየው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያየውን ተናገረ፣ ያየበትን ሰዓት ጨመረ፣ የማያውቀውን ደግሞ ለሚያውቀው ተወ።

አካባቢው ዳጉ የተባለው የአፋሮች የወሬ ልውውጥ አገር ነው። ስለ ዳጉ ሲነሣ ሁሉም የሚያደንቀው ወሬው በረሃውን አቋርጦ የሚደርስበትን ፍጥነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሥርዓቱ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሰላሙ ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ሐሰት ያወራ ሰው በጎሳው ፊት ይጠየቅበታል፤ ዳጉ የነፈገም ይነወራል። ከብት ይዞ ወደ ውኃ ለሚጓዝ ሰው ያለፈው ወር ወሬ ከወሬ ማጣት ሊብስ ይችላል።

እኛም ደንባችንን በዚሁ መንገድ አጠበቅን። ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የመጀመሪያው መስመር የቋንቋው ስሪትና የኮምፒውተሩ ሥርዓት ነው። ስህተቱ ኮፒ ተደርጎ ይለጠፋል እንጂ ፎቶ አይነሣም። መላሽ «ሞክሬዋለሁ» ወይም «ይመስለኛል» ከሚሉት አንዱን መጻፍ አለበት። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች ተማረሩ፤ በድምፅ መመለስ የለመደ ሰው መጻፍ ይሰለቸዋል። ይሰልቸው።

መወያያውስ የትኛው ይሁን? ለእኛ ቴሌግራም ነው፤ ክርክር አያሻውም። ተማሪው ስልኩ ላይ አለው፣ አዲስ ገቢ የቆየውን ውይይት ወደ ላይ ሄዶ ማንበብ ይችላል፣ ቡድኑንም በርዕስ መከፋፈል ይቻላል። ስላክ ያማረ ነው፤ ያለ ክፍያ ግን ከ90 ቀን በላይ የቆየ መልእክት አያሳይም፤ ለድሃ ማኅበረሰብ ይህ መርሳት ማለት ነው። ሁሉም የያዘውን መገናኛ የመምረጥ ልምድ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግዕዝ ፊደል በየኮምፒውተሩ ባልነበረበት ጊዜ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል ብቻ በኢሜይል ለመላክ አስችሎ ነበር፤ ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ «ቲ» ለጠ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዎቹ የተሻለ ነገር እስኪመጣ አልጠበቁም።

ቴሌግራም መወያያ ይሁን እንጂ ማኅደር አይሁን። የእኛ ቡድን ውስጥ የተሰጠ መልስ ጎግል ላይ አይገኝም። ደግሞም በሩ በእኛ እጅ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጧል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ቴሌግራምን፣ ፌስቡክንና ቲክቶክን ያለ ቪፒኤን መክፈት አይቻልም ነበር። ፈረንጆቹም ቢሆኑ አላመለጡም፤ የረስት ቋንቋ ሰዎች ለዓመታት ሲወያዩበት የነበረውን የአይአርሲ አገልጋይ ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘግቶታል፤ እነሱ ግን ቀደም ብለው ወደ ዲስኮርድና ዙሊፕ ጓዛቸውን ጠቅልለው ነበር። ዲቾቶ ላይ የቆመ ሰው በር ሊዘጋ እንደሚችል ለመረዳት አይቸገርም፤ በኤሊዳርና በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ነው፤ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990ው ጦርነት ወዲህ ግን ጭነቱ በአብዛኛው በጋላፊ ያልፋል።

ስለዚህ የተፈታ ጥያቄ ሁሉ ከቡድኑ ወጥቶ ጊት ማከማቻ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ ይገባል፤ አናቱ ላይ ስሪቱ፣ የተሞከረበት ቀንና የሞካሪው ስም ይሰፍራል። ጊትን የመረጥኩት ዘመናዊ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉ ታሪኩን ይይዛል፤ ጊትሃብ ባይከፈት እንኳ ሙሉው ማኅደር በፍላሽ ተገልብጦ በአውቶቡስ ሰመራ ይገባል። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ገጾቹን ይዞ ይቀመጣል፤ የማይሠራውን «ከዚህ ስሪት ወዲህ አይሠራም» ብሎ ይጽፍበታል እንጂ አያጠፋውም፤ በድሮው ስሪት የሚሠራ ሰው አይጠፋምና። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ማንም «ላይክ» አያደርገውም። አስተባባሪ ስንመርጥ ግን ከብዙ ተናጋሪ ይልቅ ይህን የሚሠራውን ነው የምንፈልገው።

ዲስኮርድ ይከፈት የሚሉ አሁንም አሉ። ሁለቱን ቤት የሚጠብቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ መልሴ አይሆንም ነው። እናንተም ለአዲስ ቋንቋ ቡድን ልትከፍቱ ካሰባችሁ ሊንኩን ከመበተናችሁ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ ራስጌ ላይም ስሪቱንና ቀኑን አትርሱ።