ወጨጫ፣ የምዕራብ አዲስ አበባ ጎረቤት

ለአዲስ አበቤ ተራራ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እንጦጦ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ግን ወጨጫ አለ፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ። በከፍታ እንጦጦን ይበልጣል፤ የሚወጣው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኔ የምወደው በሰበታ በኩል፣ በመናገሻ ሱባ ደን አቋርጦ የሚወጣውን መንገድ ነው። የደኑን ጽድ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አንዳንዱን ግንድ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ እንኳ አያቅፈውም። በላዩ ጉሬዛ ይዘላል፤ ነጭ ጭራው ከቅጠሉ መሀል ብልጭ ይላል።

ሽቅብ ሲወጡ ጽዱና ዝግባው እየሳሳ ኮሶ ይተካል፤ ቀላ ያለው የአበባ ዘለላው ቁልቁል ተንዠርግጎ። ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያ ሣርና ድንጋይ። የደጋው ዕፅዋት እንዲህ በየከፍታው ተራውን ጠብቆ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚታይበት ቦታ ለከተማችን ቅርብ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ ከጥቅምት በኋላ፣ በማለዳ፣ መንገዱን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ውጡ።